አሮጌ ላፕቶፕ፣ ሙሉ መኪና

አሴቶ ኮርሳ በተባለው የመኪና እሽቅድምድም ሲሙሌተር ውስጥ ያለችው ትንሿ አባርዝ 500፣ መቀሌ ባለ ያገለገለ ላፕቶፕ ላይም ሆነ ጣሊያን ባለው የሠሪዎቿ ኮምፒዩተር ላይ ያው አንዲት መኪና ናት። ጎማዋ መንገዱን እኩል ይይዛል፤ ፍሬን ሲረገጥ አፍንጫዋ እኩል ይደፋል፤ ኩርባ መሃል ላይ ጋዙን ድንገት ሲለቁባት ኋላዋ እኩል ይከዳል። ይህን ከተረዳሁ ወዲህ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሻይ ቤት ስቀመጥ የማወራው እሱን ነው፣ ባጃጅ ውስጥም የማወራው እሱን ነው፣ አሁን ደግሞ ልጽፈው ተቀምጫለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨዋታው ሁለት ሥራዎችን ጎን ለጎን ያካሂዳል። አንዱ ስሌት ነው፤ አራቱ ጎማዎች አስፋልቱን ምን ያህል እንደያዙ፣ ሞላውና አሞርዛተሩ ምን ያህል እንደተጫኑ፣ ሞተሩ ስንት ጉልበት እንዳወጣ በየሰከንዱ 333 ጊዜ ያሰላል። ሌላው ሥዕል ነው፤ የስሌቱን ውጤት ወስዶ መንገድ፣ ሰማይ፣ ዛፍና መኪና አድርጎ ስክሪኑ ላይ ያወጣዋል። የግራፊክስ ሴቲንግ የሚነካው ይህን ሁለተኛውን ብቻ ነው። ዛፉን ብትቀንሱት፣ ጥላውን ብታደበዝዙት፣ ተመልካቹን ከነመቀመጫው ብታሰናብቱት ከመኪናዋ አንዲት ብሎን አትጎድልም። «ይህ ጨዋታ ከባድ ማሽን ይፈልጋል» እየተባለ ሲታለፍ የኖረው ነገር ሁሉ ውበቱን የሚመለከት ነበር። መንዳቱ፣ ማለትም ዋናው ነገር፣ እጃችን ላይ ባለው ማሽን ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቀን ነበር!

ጨዋታውን የሠራው ኩኖስ ሲሙላዚዮኒ የተባለ የጣሊያን ድርጅት ነው። ሲሠሩት ቢሮአቸው ከሮም ወጣ ብሎ በሚገኘው የቫሌሉንጋ የውድድር ሜዳ ውስጥ ስለነበር፣ እውነተኛዎቹ መኪኖች በመስኮታቸው ሥር እየጮኹ ሲያልፉ እየሰሙ ነው የጻፉት። ሙሉው እትም በ2014 እ.ኤ.አ. ወጣ። ሞንዛን የመሰሉ ሜዳዎች በሌዘር ተለክተው ነው የገቡት፤ አስፋልቱ ላይ ያለው እብጠትና ስርጉድ ሁሉ በቦታው አለ። ዝቅተኛ መስፈርት ብለው ያስቀመጡት ደግሞ ኮር ቱ ዱዎ ፕሮሰሰርና 2 ጊጋባይት ራም ነው። ከዚያ የማይበልጥ ማሽን በከተማችን ቢሮዎች ውስጥ አሁን መፈለግ ራሱ ያስቸግራል።

አሁን ወደ ዋናው ግኝት ልግባ። የእሽቅድምድም ጨዋታ «አይቆራረጥም» የሚባለው መቼ ነው? ብዙ ሰው በሰከንድ የሚወጡትን ሥዕሎች፣ ማለትም ፍሬሞች፣ ቁጥር ይመለከታል። 60 ከሆነ ጥሩ፣ 70 ከሆነ የተሻለ፣ 40 ከሆነ መጥፎ ይላል። ቁጥሩ ግን አማካይ ነው፤ አማካይ ደግሞ ይሸፍናል። በአንድ ሰከንድ ውስጥ 60 ሥዕሎች ቢወጡ፣ እኩል ተከፋፍለው ከወጡ እያንዳንዳቸው 16.7 ሚሊሰከንድ ይደርሳቸዋል። ሃምሳ ዘጠኙ ተሯሩጠው ወጥተው አንዷ ብቻ 100 ሚሊሰከንድ ብትዘገይ ግን ቆጣሪው ያንኑ 60 ይላል፤ ዓይን ግን ተደናቀፈ። ጓይላ ጭፈራ ላይ ከበሮ መቺው በጠቅላላው ስንት ጊዜ እንደመታ የሚቆጥር የለም፤ አንዲት ምት ስትዘገይበት ግን ክቡ ሁሉ እግሩ ይጠፋዋል። ሲሙሌተርም የሚፈልገው ያንን ነው፤ ምቱ እኩል ይሁን እንጂ ብዛቱ ኋላ ይደረስበታል።

በመንገድ ርዝመት ስታስቡት ነገሩ ያስደነግጣል። በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር የምትበር መኪና በሰከንድ 50 ሜትር ትሄዳለች። ሥዕሎቹ እኩል ሲመጡ በሁለት ሥዕሎች መካከል የምትጓዘው 83 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። አንዲት ሥዕል 100 ሚሊሰከንድ ስትዘገይ ግን 5 ሜትር ታልፋለች። ሞንዛ ላይ ከዋናው ቀጥ ያለ መንገድ መጨረሻ፣ የመጀመሪያው ጠባብ ጠመዝማዛ ጋር ፍሬን የሚያዝበት ቦታ ላይ ያ 5 ሜትር ኩርባውን በመያዝና ከመንገዱ በመውጣት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ስንቱ ሰው እጁን ሲወቅስ ኖሯል፣ ጥፋቱ የዚያች የዘገየች ሥዕል ሆኖ ሳለ!

ይህን በዓይን የሚያሳይ ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ሪቫቱነር ይባላል። ጨዋታው ላይ ተደርቦ፣ እያንዳንዷ ሥዕል ስንት ሚሊሰከንድ እንደወሰደች በቀጭን መስመር ይሥላል። ቁጥሩን ትታችሁ መስመሩን እዩት። መስመሩ እንደ ጋራ ጫፍ ከተቆራረጠ ቁጥሩ 90 ቢልም ማሽኑ ታሟል ማለት ነው፤ ለጥ ካለ 60ም ይበቃል። እዚያው ላይ ደግሞ ገደብ ማስቀመጥ ይቻላል፦ በሰከንድ ከ60 አትለፍ። አብዛኛው የላፕቶፕ ስክሪን በሰከንድ 60 ጊዜ ነው የሚታደሰው፤ ማሽኑ አንዴ 75 አንዴ 52 እያወጣ ሲራወጥ ስክሪኑ ከእሱ ጋር ሊገጥም ስለማይችል አንዷን ሥዕል ደግሞ ያሳያል፣ ሌላዋን ይዘላል። ገደቡ ሲገባ ግን ሁለቱ ተስማምተው ይሄዳሉ። የመጀመሪያ ጊዜ ያንን መስመር ለጥ ብሎ ሳየው ከወንበሬ ተነሣሁ። ማሽኑ 60 መድረስ የማይችል ከሆነም የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው፦ ከተወላገደ 45 ይልቅ የተስተካከለ 30 ይሻለኛል። ስክሪኑን ወደ 48 ዝቅ የሚያደርጉ ላፕቶፖችም አሉ፤ ያ ያለው ሰው ሀብት አለው።

ሴቲንጉን የት ሆኖ ማስተካከል እንደሚገባ የሚነግር ሰው ብዙም አላገኘሁም፤ ስለዚህ ጮክ ብዬ ልናገረው። ባዶ ሜዳ ላይ ብቻችሁን እየነዳችሁ አታስተካክሉ። ሞንዛ ላይ ውድድር ክፈቱና ከሁሉም ኋላ ተሰለፉ። የመነሻው መብራት ሲጠፋ መኪናው ሁሉ ፊታችሁ ነው፣ ጭሱ አለ፣ ጥላው አለ፣ ስፖኪዮው ውስጥም ሥዕል አለ። ለማሽኑ ከዚያ የከበደ ሰዓት የለም። እዚያ ላይ መስመሩ ለጥ ካለ የቀረው ውድድር በሙሉ ለጥ ይላል።

አሁን በደስታ የምቆይበት ቦታ ላይ ደረስን፤ ነጸብራቅ። አባርዟ ኮፈን ላይ ሰማዩና ዛፉ ሲያብረቀርቁ ያ ብርሃን ከየት ይመጣል? ጨዋታው መኪናዋን በማይታይ ሳጥን መሃል ያስቀምጣትና በስድስቱም የሳጥኑ ገጾች ላይ አካባቢውን ይሥላል፤ ፊት፣ ኋላ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ላይ፣ ታች። ኮፈኑ የሚያንጸባርቀው ከዚያ ሳጥን ነው። እንግዲህ አስቡት፦ ለእናንተ አንድ ሥዕል ለማሳየት ማሽኑ ሌላ ስድስት ሥዕሎች ሲሠራ ነበር! ሴቲንጉ ውስጥ በእያንዳንዱ ፍሬም ስንት ገጽ ይታደስ የሚል ምርጫ አለ። ወደ አንድ አውርዱት። ስድስቱ ገጾች በተራ ይታደሳሉ፤ በሰከንድ 60 ፍሬም ከሆነ እያንዳንዱ ገጽ በሰከንድ 10 ጊዜ ይደርሰዋል። ኮፈን ላይ ያለ የደመና ነጸብራቅ በሰከንድ 10 ጊዜ መታደሱን የሚያስተውል ሹፌር አላጋጠመኝም። ማሽኑ ግን ያስተውላል፤ ትንፋሽ ያገኛል። ላፕቶፑ በጣም ደካማ ከሆነ ወደ ዜሮ ማውረድም ይቻላል፤ ነጸብራቁ ባለበት ይቆማል፣ መኪናዋም ትሄዳለች። አንድ ቁጥር ቀይሮ ይህን ያህል ትርፍ ማግኘት! እስካሁን ይገርመኛል።

ስፖኪዮውም የዚያው ዘመድ ነው። ከኋላ ያለውን ዓለም እንደገና መሣል ስለሆነ፣ ጥራቱን ዝቅተኛው ላይ አድርጉት፤ ቀይ ነገር እየመጣ መሆኑ ከታየ ይበቃል። ሙሉ በሙሉ አታጥፉት፤ ኋላውን የማያይ ሹፌር ሌላውን ይጎዳል። የጥላ ጥራት አንድ ደረጃ ሲጨምር፣ ከ1024 ወደ 2048፣ ሥራው እጥፍ አይሆንም፤ ወርዱም ቁመቱም ስለሚጨምር አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ ዝቅተኛው ጥላ ይኑር፤ መኪናዋ መሬት ላይ መቀመጧን ዓይን የሚያምነው በጥላዋ ነው። ከዚያ ወዲያ ያሉት ማስዋቢያዎች፣ የፀሐይ ጨረሩም፣ የሙቀት ማዕበሉም፣ የራቀውን የሚያደበዝዘውም በሙሉ ይጥፉ። አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ፤ አኒሶትሮፒክ የሚባለውን ማጣሪያ አትንኩት። የሚያስከፍለው ጥቂት ነው፤ የሚሰጠው ግን ሩቅ ያለውን አስፋልት ጥርት አድርጎ ማሳየት ነው። ፍሬን የሚያዝበትን ምልክት በሩቁ የማያይ ሰው ምንም ያህል ፍሬም ቢኖረው አይረባውም።

ስለ ስክሪንም ልናገር፤ ፍርዴ እዚህ ላይ ከብዙ ሰው ይለያል። ለቢሮ ተሠርተው፣ አገልግለው ወደ አገራችን ከሚገቡት ላፕቶፖች ብዙዎቹ 1366 በ768 ነጥብ ያለው ስክሪን አላቸው። ገዢ ሲያየው ፊቱን ያጠቁራል፤ ሻጭም ዋጋ ይቀንስበታል። ለእኛ ሥራ ግን ያ ስክሪን በረከት ነው። 1920 በ1080 የሆነው ስክሪን ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነጥቦች አሉት፤ ይኸኛው አንድ ሚሊዮን ገደማ። በየፍሬሙ የሚሣለው ነገር በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው፣ ያውም ሥዕሉ ሳይደበዝዝ፤ ስክሪኑ የተሠራበት መጠን ራሱ ስለሆነ።

የላፕቶፔን ማራገቢያ ላስጸዳ ሮማናት አደባባይ አካባቢ ወዳለ አንድ ጠጋኝ ወስጄው ነበር። ወጣቱ ክዳኑን ከፍቶ ወደ ውስጥ አየና «ሓወይ፣ አንዱ የራም ቦታ ባዶ ነው እኮ፤ ለምን ተውከው?» አለኝ። ይህ ጥያቄ ብዙዎቻችሁን ይመለከታል። የራሱ የግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ሥዕሉን የሚሠራው ከዋናው ራም እየተበደረ ነው። ራሙ አንድ ሲሆን ለምሳሌ በሰከንድ 17 ጊጋባይት ገደማ ያመላልሳል፤ እኩል የሆነ ሁለተኛ ሲጨመርበት 34 ይሆናል። መንገዱ ሁለት እጥፍ ሰፋ! ሰው ራም የሚገዛው «ብዙ ፕሮግራም ልክፈት» ብሎ ነው፤ በጨዋታ ላይ የሚሠራውን ተአምር ግን ጥቂት ሰው ነው የሚያውቀው። ያ ልጅ ባለውለታዬ ነው።

አሁን መቀሌ ራሷ የምትገባበት ጉዳይ መጣ። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያዋ ያንኑ ያህል ብትሽከረከርም የምታወጣው አየር ቀላል ስለሆነ ይዞት የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። አቧራውን ደግሞ ጨምሩበት። ለዚህ ነው ብዙ ሰው «መጀመሪያ ጥሩ ነበር፣ ኋላ ተንቀረፈፈ» የሚለው። የብዙዎቹ የቢሮ ላፕቶፖች ፕሮሰሰር በቋሚነት የተፈቀደለት 15 ዋት ነው፤ ሲነሣ ለጥቂት ሰከንዶች ከዚያ አልፎ ይፈነጥዝና ወደ ልኩ ይመለሳል፤ ሲግል ደግሞ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፕሮሰሰሩና ግራፊክሱ ያችን 15 ዋት ተካፍለው ነው የሚኖሩት። ቀዝቃዛ ማሽን ላይ የተስተካከለ ሴቲንግ ሁለተኛው ዙር ላይ የሚፈርሰው በዚህ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ጥሩ አድርጎ ከጋለ በኋላ ብቻ አስተካክሉ።

እዚህ ላይ የገደቡ ሁለተኛ ጸጋ ይገለጣል፤ እኔን ያስደነቀኝ ከሁሉ በላይ ይህ ነው። በሰከንድ 60 ላይ የተገደበ ማሽን ሥዕሏን ሠርቶ ሲጨርስ እስከሚቀጥለው ምት ያርፋል። እረፍቱ ሙቀት ይቀንሳል፣ የቀነሰው ሙቀት ፍጥነቱ እንዳይወርድ ያደርጋል፣ ያልወረደው ፍጥነት መስመሩን ለጥ ያደርገዋል። አንዱ ሌላውን ይይዘዋል። የሳሳ አየር ባለበት ከተማ የሚኖር ሰው ከዚህ የበለጠ ስጦታ ከየት ያገኛል? ማራገቢያዋን አጽዱ፣ የደረቀውን ተርማል ፔስት አስቀይሩ፣ ላፕቶፑን ከጠረጴዛው በሁለት መጽሐፍ ከፍ አድርጉትና ሥሩ ይተንፍስ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ባትሪው ላይ ሆናችሁ አትሽቀዳደሙ፤ ማሽኑ ኃይል ለመቆጠብ ጉልበቱን ስለሚቀንስ ያስተካከላችሁት ሁሉ ይናጋል። መብራቱ እስኪመጣ ጠብቁ።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። ጨዋታው ፕሮሰሰሩ 99 በመቶ መያዙን በጽሑፍ ካሳየ ጉዳዩ ከግራፊክስ አልፏል፤ የመኪናዎቹ ስሌት ራሱ ፋታ አጥቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ተፎካካሪዎቹን ቀንሱ። ሃያ መኪና እየተንተባተበ ከሚመጣ አምስት መኪና ጥርት ብሎ ቢመጣ ውድድሩ ይበልጥ ይጥማል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ምን ተገኘ? ፍሬን! ከሁሉም በፊት ፍሬን። በአንድ የፕሌይስቴሽን ጆይስቲክ፣ ያለ መሪና ያለ ፔዳል፣ ያው ቦታ ላይ ዙር ከዙር እኩል ፍሬን መያዝ ጀመርኩ። ፓራቦሊካ ላይ፣ ያ የመጨረሻው ረጅም ኩርባ ላይ፣ የፊት ጎማዋ መያዝ ሲጀምርና ሲለቅ በአውራ ጣቴ ይሰማኛል። ድሮ ከፊቴ ሥዕል ነበር፤ አሁን መንገድ ነው። ከኩሓ ወደ መቀሌ ሲወረድ ሆድን የሚያንሳፍፈው ስሜት አለ አይደል? እሱን የመሰለ ነገር ከመኝታ ክፍል ወንበር ላይ አገኘሁት።

ውድድር ለዚህች ከተማ እንግዳ ነገር አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ የብስክሌት ውድድር የተሳተፈው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ የወጣው ከትግራይ ነው። የብስክሌት ውድድር ሲኖር አስፋልቱ ዳር የሚቆመውን ሕዝብ ያየ ሰው፣ ኩርባ መቁረጥንና ከፊት ያለው ሰው ጥላ ውስጥ መጠለልን እዚህ ልጆች ሳይቀሩ እንደሚያውቁት ይመሰክራል። እነዚህ ልጆች ሲሙሌተር የሚነፈጉት በምን ምክንያት ነው?

ኢንተርኔቱ ነው እንዳትሉኝ። መቀሌ ለረጅም ጊዜ ያለ ኢንተርኔት የኖረች፣ ከብሔራዊው የመብራት መስመር ጋርም በኅዳር 2015 ዓ.ም. ዳግም የተገናኘች ከተማ ናት፤ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነገር ዋጋው ምን እንደሆነ ማንም አይነግረንም። ሦስት ሰዎች ብቻ የሠሩት ላይቭ ፎር ስፒድ የሚባል ሲሙሌተር አለ። ነጻ የሆነው ክፍሉ ብላክዉድ የተባለውን ሜዳና ሦስት መኪኖችን ይዟል፣ በፍላሽ ከሰው ሰው ያልፋል፣ አሴቶ ኮርሳ በከበደው ማሽን ላይም ይሮጣል። የጎረቤቴን ልጅ ያስጀመርኩት በእሱ ነው። መስመሩን አሳየሁት፣ ገደቡን አስገባሁለት፤ በማግስቱ ጓደኞቹን ይዞ መጣና እሱው አስተማሪ ሆኖ «ቁጥሩን ተዉት፣ መስመሩን እዩ» ሲላቸው ሰማሁ።

እኔ ደግሞ ሌላ ሥራ ጀምሬያለሁ። አሴቶ ኮርሳ ማንም ሰው የራሱን መንገድ ሠርቶ እንዲያስገባ ይፈቅዳል፤ መንገዱ የሚሠራበት ብሌንደር የተባለው ፕሮግራምም ነጻ ነው። ከማይጨው ወደ መቀሌ ሲመጣ ያለውን የአላጄን ጥምዝምዝ መርጫለሁ። ዛፎቹ ጥቂት፣ ድንጋዮቹ ቀላል፣ ገደሉ ግን በልኩ ይሆናል፤ ባለ 1366 ስክሪን ላፕቶፕ ላይ፣ ከሁሉም ኋላ ለተሰለፈ ሰው፣ 60ውን ሳይለቅ እንዲሮጥ አድርጌ ነው የምሠራው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ኩርባዎች ጨርሻለሁ።